ቆጠራው አልቋል

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ ኋላ «አንቺ ደግሞ ምን ያስፈራሻል!» እንዳትሉኝ። ሌላው ሰው የደረሰበትን ሲያወራ እንዴት እንደ ደፈረ ነው የሚነግራችሁ። እኔ የምነግራችሁ ጉልበቴ ሲብረከረክ ስለዋለበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጨክኜ ያደረግሁት ነገር ቢኖር አንድ ስም ጮክ ብሎ መጥራት ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነው የጠራሁት።

ትብለጥ እባላለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁት መካነ ሰላም ነው። ያን ጊዜ ከሳውዲ ከተመለስኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ ስሜ ሐሊማ ነበር። ስሙን ያወጣልኝ የላከኝ ደላላ ነው፤ በክርስቲያን ስም ቪዛ አይመታም አለና በአንድ ቀን ሐሊማ አደረገኝ። ሲሸኘኝ ጆሮዬ ስር መጥቶ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትብለጥ የምትባል ልጅ የለችም። ትብለጥ ብሎ የሚጠራሽ ቢኖር ዞር እንዳትዪ፤ ዞርሽ ማለት አለቀልሽ ማለት ነው» አለኝ። እኔም ሳልዞር ኖርኩ። አንዴ ሱቅ ውስጥ የሰፈሬ ልጅ አይታኝ «ትብለጥ! ትብለጥ!» እያለች ስትከተለኝ፣ ማዳሜ አጠገቤ ነበረችና እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኳት። ልጅቷ እስከ ዛሬ ኩራት ይመስላታል።

ስመለስ አገሩ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። በልጉ ጭራሽ ቀርቷል። ክረምቱም ዘግይቶ መጣና ገብሱ ፍሬ ሳይዝ ጥሎን ሄደ። በገበያ ቀን መካነ ሰላም ብትወጡ በሬውን የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ አይታይም ነበር። በዚህ መሐል ለየገጠሩ ምን ያህል የእርዳታ እህል እንደሚያስፈልግ አይታ እቅድ የምታወጣ ሴት ከውጭ በበጎ ፈቃድ መጣች ተባለ። ሪማ ትባላለች፤ የዮርዳኖስ ሰው ናት። የእሷ እንግሊዝኛና የወረዳው ቢሮ ሰዎች እንግሊዝኛ አልገናኝ ስላለ አረብኛ የሚያስተረጉም ሰው ተፈለገ። ጣት ሁሉ ወደ እኔ!

«አረብኛ? ኧረ በማርያም! ሁለተኛ በዚህ አፌ አረብኛ ላልናገር ምያለሁ» አልኩ።

«የእህል ጉዳይ ነው እንጂ የማዳም ጉዳይ መሰለሽ?» አለችኝ እናቴ። «ተነሽ ሂጂ! እሷ ባሕር ተሻግራ በነፃ መጥታ፣ አንቺ ጎረቤትሽ መሄድ ያቅትሽ?»

ሄድኩ፤ እኔም በነፃ። ሪማ አጠር ያለች፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ናት። ገና ሳያት «ስምሽ ማነው?» አለችኝ በአረብኛ። ወላሂ አስቤ አይደለም (የወሎ ክርስቲያን ነኝ፣ ወላሂ ብል አትገረሙ)፤ ምላሴ አረብኛውን ሲያወጣ «ሐሊማ»ንም አብሮ ጎትቶ አወጣው። ሹፌራችን ይመር በሳቅ ፈነዳ። «እንኳን ደህና መጣሽ ሐሊማ!» አለኝ። ዛሬ አርመዋለሁ ነገ አርመዋለሁ ስል ሐሊማ ሆኜ ቀረሁ። እኔም እሷን «ማዳም» እላታለሁ፤ «ሪማ በይኝ እንጂ» ትለኛለች፤ «እሺ ማዳም» እላለሁ።

ያን ቀን የዋልንባት መንደር አፋፍ ትባላለች። ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ ሄዳችሁ፣ ወደ ገደሉ ስትገነጠሉ የምትገኝ ናት። ቤቶቹ ከላይ ከባሕር ዛፉ ጀምረው እየተበተኑ እስከ ገደሉ ጫፍ ይወርዳሉ። ከላይ ያለው ምንጭ ስለ ደረቀ ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱት ገደሉን ቁልቁል ወርደው ነው፤ ሄደው እስኪመለሱ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የሪማ አሠራር ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቤት ደጅ እንደርሳለን፣ ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ስማቸውን ይናገራሉ፣ እሷ ባለ ቀለም መለኪያዋን ክንዳቸው ላይ ጠምጥማ ትለካለች። እህሉ የሚታቀደው በቤቱ ሰው ልክ ነው። ከበላዮቿ ይዛው የመጣችው አንድ ሕግ ደግሞ አለ፤ ውጭ አገር ሰው ያለው ቤት ግማሽ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ገንዘብ ይላክለታል ተብሎ። ይህን ስተረጉም አፌን መረረኝ። ሪያድ ሆኜ ደሞዜን እየተከለከልኩ ለእናቴ ሰባራ ሳንቲም ያልላክሁበትን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጠዋት ከላይ፣ ዘነቡ ከምትባል ሴት ቤት ጀመርን። የመጨረሻ ልጇ ብርቄ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ክንዷን ስትለካ ዓይኗ ሁሉ የእኔ ጫማ ማሰሪያ ላይ ነው። ሮዝ ማሰሪያ ነበር። ሲለቋት ቁጢጥ ብላ በሁለት ጣቷ ነካ አደረገችው።

«አበባ ነው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። እናቷ ዘነቡ ጀሪካኗን አዝላ ወደ ውሃ ልትወርድ ትጣደፍ ነበርና ተሰናብታን ሄደች።

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ከታች፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ያለው የመጨረሻ ቤት ደረስን። የከድጃ ቤት ነው። ባሏ ወደ አረብ አገር ከወጣ ቆይቷል። ቤቷ ውስጥ የሚጠባ ልጅና ዓይናቸው የጠፋ አማቷ አሉ። ደጁ ላይ ግን ሻሽ ያሰረች አንዲት ልጅ ቆማለች።

«ስምሽ ማነው እናቱ?» አልኳት።

ልጅቷ መጀመሪያ ከድጃን አየቻት። ከዚያ «ዘይነባ» አለች።

ሪማ ክንዷን ለካች። የልጅቷ ዓይን ወደ ጫማዬ ወረደ። ሁለት ጣቶቿ ብቅ አሉና፣ ከድጃ ስታፈጥባት ተመልሰው ቀሚሷ ውስጥ ገቡ። ያኔ አንገቷን አየሁት። አቧራ በለበሰው አንገቷ ላይ ማተቡ የተፈታበት ንጹሕ መስመር ዞሮ ይታያል።

ከድጃ አየችኝ። ማየቴን አየች። ከንፈሯ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

«ምን አለች?» አለችኝ ሪማ።

«ዘይነባ» አልኳት። ምን ልበል? እኔም በሰው ስም እንጀራ የበላሁ ነኝ።

ሥራው አለቀና ከመንደሩ ወይራ ስር ቆሎ ቀማምሰን፣ ሪማ ጽሑፏን ስታስተካክል፣ ይመር የስልክ መስመር ፍለጋ መኪናውን ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ ብሎ ተመለሰ። ልንነሳ ዕቃችንን ስንጭን ከገደሉ ውስጥ ጉም ይወጣ ጀመር። የዚያ አገር ጉም እንግዳ አያስጠነቅቅም፤ ዞር ብዬ ስመለከት የከድጃ ቤት የለም። ካሳ የመጣው በዚህ ሰዓት ነው።

ካሳ የዘነቡ ወንድም ነው። ጠመንጃ አንግቷል፤ ከእርሻ ሲመለስ ነው። «ብርቄን ያየ አለ?» አለ መጀመሪያ ቀስ ብሎ። «እህቴ ውሃ ወርዳለች። ቤት ብገባ ልጅቷ የለችም። ታላላቆቿም አላየናትም ይላሉ።»

ሰው ተሰበሰበ። አንዷ፣ «ጠዋት አረቧ ክንዷን ይዛት አይቻታለሁ» አለች። አንዱ ደግሞ፣ «መኪናው መሐል ላይ ወጥቶ ነበር እኮ! የት ደርሶ ነው የመጣው?» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አላውቅም። «ልጅ ይሰርቃሉ ሲባል አልሰማችሁም እንዴ!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ፤ ካሳ ዘሎ መኪናው ፊት ቆመ።

«ቁልፉን!» አለው ይመርን።

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ የስልክ መስመር ፍለጋ ነው...»

«ቁልፉን አልኩህ!»

ይመር፣ ያ ቀኑን ሙሉ ሲቀልድ የሚውል ሰው፣ አንድ ቀልድ ሳይወረውር ቁልፉን ሰጠው። ያን ሳይ የእኔ ሐሞት ፈሰሰ። መኪናውን በረበሩት፤ የወንበሩን ስር፣ የሪማን ሻንጣ ሳይቀር። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ግን የባሰ አደረገው።

«አስተላልፈዋታል! አድርሰዋት መጥተዋል!» አለ አንዱ።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ ሪማ።

ልጅ ሰረቃችሁ እያሉን ነው ብዬ እንዴት ልበላት? «ልጅ ጠፍታለች ማዳም» አልኳት።

«እንፈልጋታ!» ብላ በሩን ከፍታ ልትወርድ ስትል ካሳ አፈሙዙን ወደ እሷ መለሰ። «ከዚህ መኪና የሚወርድ ሰው የለም!» ለሪማ መተርጎም አላስፈለገኝም፤ እግሯን ሰበሰበች። እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነው። የእኔም እንደዚያው ነበር መሰለኝ።

«ካሳ!» አሉ አንድ ሽማግሌ። የመንደሩ ትልቅ ሰው አያ እንድሪስ ናቸው። «አፈሙዙን ወደ መሬት! በእንግዳ ላይ ጠመንጃ ተደግኖ አያውቅም በዚህ ደጅ። አላህ ያለው ይሆናል። መጀመሪያ ልጅቷ ትፈለግ። ማነው መጨረሻ ያያት?»

ሁሉም ጠዋት እቤቷ ደጅ ነው አለ። አያ እንድሪስ ዞር ሲሉ ከድጃን አዩዋት፤ የሚጠባውን ልጅ አዝላ ቆማለች። «ከድጃ፣ አንቺ ጋ አትጠፋም ብርቄ። ዛሬ አልመጣችም?»

የከድጃ ዓይን ወደ እኔ መጣ፤ ከእኔ ሪማ እጅ ላይ ወዳለው እስክሪብቶ ሄደ። «እኔ... አላየኋትም አያ እንድሪስ» አለች። ወላሂ አላለችም። መማል ከብዷታል።

ወንዶቹ ወደ ላይ፣ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጡ። ጅብ እንዳይቀድማቸው ነው የፈሩት። «ብርቄ! ብርቄ!» የሚለው ጩኸት ከእኛ እየራቀ ሽቅብ ሄደ። ፀሐይ እየወረደች ነው፤ ጉሙ እየወፈረ ነው፤ እና ሰው ሁሉ በተሳሳተ አቅጣጫ እየፈለገ ነው። ይህን የምናውቅ ሁለት ሴቶች ብቻ ነን፤ እኔና ከድጃ። ልጅቷ መጨረሻ የታየችው ከላይ አይደለም፤ ከታች፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ነው።

ብናገር? ካሳ ከድጃን ምን ያደርጋት ይሆን? ዘነቡና ከድጃ ከእህሉ ይሰረዛሉ፤ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት፣ የሚጠባ ሕፃን አለ። ዝም ብል ደግሞ ገደሉ አለ። በመጨረሻ መኪናው ጋ እንዲጠብቀን የተተወውን ልጅ እግር፣ «ሽንቴ መጣ» አልኩት። እውነትም መጥቶ ነበር፤ ፍርሃት እንዲህ ያደርገኛል። አፍሮ ፊቱን አዞረ። ወደ ከድጃ ቤት ሮጥኩ።

ቤቷ ጀርባ ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማ ጉሙን ታያለች።

«የት አለች?» አልኳት።

«ማን?»

«ከድጃ፣ በአላህ! ማተቧን የፈታሽው አንቺ ነሽ። የት አለች?»

ተንበረከከች። «እህት ዓለም፣ እግርሽን ልሳም፤ ካወጣሽው ከእህሉ እወጣለሁ። ባሌ አረብ አገር ነው ተብሎ ግማሽ ነው የሚደርሰኝ። ከሄደ ድምፁን የሰማሁት አንድ ጊዜ፣ ያውም ገና በመንገድ ሳለ ነው። ዘነቡ አዘነችልኝና ወደ ውሃ ስትወርድ ብርቄን አበደረችኝ...»

«እሱን ተይው! ልጅቷን ምን አልሻት?»

«ቆጠራው ሲያበቃ እናትሽ ውሃ ወርዳለች፣ ስትመጣ ትወስድሻለች፣ ቁጭ በይ አልኳት። ሕፃኑን ላጠባ ገባሁ። ስወጣ የለችም። እናቷ በዚህ በኩል ስታልፍ የወሰደቻት መሰለኝ። ወላሂ እንደዚያ ነው የመሰለኝ!»

ከታች በጉሙ ውስጥ የእግር ኮቴ ይሰማል። አንዲት ሴት ጀሪካን አዝላ፣ እያለከለከች፣ ገደሉን ትወጣለች። ዘነቡ ናት። ብቻዋን ናት።

«ውይ ከድጃ፣ ዛሬስ ገደለኝ ይሄ አቀበት» አለች ወገቧን ይዛ። «ብርቄስ? ተኛችብሽ እንዴ?»

ከድጃ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ዘነቡ እኔን አየችኝ፣ ከድጃን አየች። ጀሪካኑ ከጀርባዋ ወደቀ። ግማሽ ቀን የተለፋበት ውሃ እየተንቧቧ ሲፈስ አንዳችንም አላነሳነውም። ዘነቡ ያን ጊዜ ያሰማችውን ጩኸት አሁን ይህን ስጽፍም ጀርባዬ ላይ ይሰማኛል።

ጩኸቱን ሰምተው ሁሉም ቁልቁል ጎረፉ። ካሳም፣ አያ እንድሪስም፣ ሪማና ይመርም፤ ጠባቂው ራሱ ተከትሏቸው ነው የመጣው። «እናቷን ፍለጋ ወደ ውሃው ወርዳ ነው!» አለ አንዱ። ማንም ከየት ተነስታ ብሎ አልጠየቀም። መንገዱ ከታች ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ውሃው፣ ሌላው ፍየል ብቻ የምትሄድበት፣ ገደሉን ታክኮ የሚሄድ ክር የመሰለ መንገድ ነው። እናቷ በአንዱ ስትወጣ ልጅቷ በሌላው ሄዳ ከሆነ...

«ብርቄ! ብርቄ! ብርቄዬ!»

ገደሉ ድምፁን ተቀብሎ መለሰልን። ሌላ ምንም የለም። ደጋግመው ጮኹ። ምንም። አንዲት ሴት ቀስ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከአጠገቧ ያለችው ተከተለች። ገባኝ፤ ለቅሶ እየጀመሩ ነው። ካሳ መሬት ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል።

እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ግን ያን ዝምታ ስሰማ አንድ ነገር ወጋኝ። ይህን ዝምታ አውቀዋለሁ። የሪያዱ ሱቅ ውስጥ የሰፈሬ ልጅ ስትጠራኝ ዝም ያልኩት ዝምታ ነው። የከድጃን ክንድ ያዝኩ።

«ብርቄ ብለው ቢጠሩሽ አቤት እንዳትዪ ብለሻት ነበር?»

ዓይኗ ፈጠጠ። «መኪናው እስኪሄድ... መኪናው እስኪሄድ ድረስ ብርቄ ብሎ ማንም ቢጠራሽ፣ እናትሽም ብትሆን፣ አቤት እንዳትዪ ብያታለሁ። ካልሽ እህሉን ይወስዱብናል ብያታለሁ።»

መኪናው አልሄደም። መኪናው እዚያው ቆሟል።

እንግዲህ ጠመንጃ የያዘ ሰው አጠገቤ አለ፤ መንደሩ ሁሉ አለ፤ ሪማ መነጽሯ ጉም ለብሶ ቆማለች። ድንጋዩን በእጄ ተደግፌ ጫፉ ድረስ ተጠጋሁና፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፄ፣ «ዘይነባ!» አልኩ።

«ዘይነባ!» አልኩ ደግሜ።

ካሳ ተነሳ። «ዘይነባ ማናት?» ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ። «እዚህ መንደር ዘይነባ የሚባል ልጅ የለም! ምን ታውቂያለሽ አንቺ?»

ያኔ ከድጃ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ለአያ እንድሪስ አስታቀፈቻቸው። ሪማን ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ በሆዷ ተኛችና ጮኸች።

«ዘይነባዬ! እኔ ነኝ፣ ከድጃ! አቤት በይ! ቆጠራው አልቋል! ዘይነባ፣ ቆጠራው አልቋል!»

ትንፋሻችንን ዋጥን። ከታች፣ ከጉሙ ሆድ ውስጥ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«አቤት!»

ዘነቡ «ብር...» ብላ ልትጮህ ስትል አያ እንድሪስ አፏን በመዳፋቸው ያዙት። «ቀስ! ደንግጣ ብትነሳስ? አሁን የምትሰማው ያንን ስም ነው። በዚያው ጥሪያት።»

ዘነቡ ከከድጃ ጎን ተኛች። እናት ናት፤ ማርያም ማርያም ስትል የዋለች ክርስቲያን ናት። «ዘይነባ፣ የኔ እናት» አለች። «እማ ነኝ። እንዳትነሺ። እዚያው ቁጭ በይ። አጎትሽ እየመጣ ነው፣ ዘይነባ።»

«እሺ» አለ ድምፁ።

የካሳን ወገብ በመጫኛ አስረው ቁልቁል ሰደዱት። ጉሙ ሲውጠው ገመዱ ብቻ ይታየን ነበር። ሪማ ገመዱን ከያዙት ወንዶች መሐል ገብታ ትስባለች፤ መች እንደ ገባች አላየሁም። ከድጃና ዘነቡ እየተፈራረቁ ያወሯታል፤ ስለ ጥጃው፣ ስለ እንቁራሪት፣ የመጣላቸውን ሁሉ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዣለሁ፤ ድንጋይ ሲንሸራተት በሰማሁ ቁጥር ነፍሴ ሹልክ ትላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ከታች «ይዣታለሁ! ሳቡ!» የሚል መጣ።

ካሳ ልጅቷን በጀርባው አስሮ ወጣ። ጉልበቷ ተልጧል፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ፍየል መንገዱ የሚያልቅበት ድንጋይ ስር ተቀምጣ ነው ያገኛት፤ ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ መሬት የለም። እናቷ እላይዋ ላይ ወደቀችባት። ብርቄ በእናቷ ክንድ ስር አንገቷን አውጥታ ከድጃን አየቻት።

«አሁን ማን ነኝ?» አለቻት።

ከድጃ ተጠጋቻት። የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ ቋጥራ የያዘችውን ጥቁር ማተብ አወጣች። መልሳ አንገቷ ላይ አሰረችላት። «ብርቄ ነሽ» አለች። «ብርቄ ነሽ፣ አላህ ያሳድግሽ።»

ከዚያ የሆነውን ብታዩ! ካሳ ከድጃ ላይ ሊጮህ ሲነሳ፣ አያ እንድሪስ ሕፃኑን እንዳቀፉ፣ «ተው ልጄ» አሉት። «እኔም ሁለት ተበድሬያለሁ።» ሰዉ አንገቱን ደፋ። ከኋላ አንዱ፣ «እኔ ጋ ያለችው የአያ እንድሪስ ናት» አለ። እንባውን ያልጠረገ ሁሉ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከፍርሃቱ ያላነሰ ነበር፣ ሆዳችንን አስያዘን።

ሪማ ክንዴን ነካች። «ሐሊማ፣ ንገሪኝ» አለች። «ሁሉንም።»

ነገርኳት። የማተቡን መስመር ከሰዓት አይቼ ዝም ማለቴን ሳይቀር። ስለ ግማሹ ሕግ፣ ስለ ከድጃ ባል፣ ያለ ደሞዝ ስለኖርኩባቸው ወራት ነገርኳት። አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች።

«ልጅ የሚበደረው ሰው የሚርበው ነው» አለች። «ነገ እንመለሳለን። እናንተው ተሰብስባችሁ፣ ማን ቤት ምን እንዳለ ተነጋገሩና ንገሩኝ። ግማሽ የሚባለውን እኔ ከላኩኝ ሰዎች ጋር እጣላበታለሁ።»

ካሳ ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ መጥቶ ለይመር ሰጠው። ይመር ተቀብሎ፣ «ለሚቀጥለው ደግሞ መጀመሪያ ሻይ ጋብዘኝ» አለው። ድምፁ ገና አልተስተካከለም ነበር።

ጉሙን አልፈን ወደ መካነ ሰላም መንገድ ገባን። ከዚያ ሪማ፣ «ሐሊማ፣ እንዴት አወቅሽ? ለምን እንደማትመልስ እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

«ሐሊማ አይደለሁም» አልኳት። ስለው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ትብለጥ ነው ስሜ።»

ሞከረችው። «ቲብሊት» አለች። ይመር መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። «ይሁን ሪማ» አልኳት። ማዳም ሳልላት ስቀር ያ የመጀመሪያዬ ነው።

አንባቢዎቼ፣ መጨረሻው ሁሉ ማር ነው አልላችሁም። እህሉ ዘግይቶ መጣ፤ ዘይት ይመጣል የተባለው ጭራሽ አልመጣም። ግን የከድጃ ቤት እንደ ማንም ሙሉ ደረሰው፤ ዘነቡም አልተሰረዘችም። በማግስቱ አፋፍ ስንመለስ ለብርቄም እውነተኛ ስሜን ነገርኳት። የከድጃ ባል ድምፁ ይሰማ አይሰማ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ሪማ ወደ አገሯ ተመልሳለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ለሚመጣው ሁሉ እያስተረጎምኩ እስከ ወረኢሉና ማሻ ድረስ ሄጃለሁ፤ አሁንም ፈሪ ነኝ። ጉም ሲነሳ ዛሬም ልጅ አጠገቤ ካለ እጁን እይዛለሁ። ሰው ስም ለውጦ ልጁን የሚያበድረው ምን ቢገጥመው እንደሆነ ለሚቆጥር ሰው ሁሉ ሳልጠየቅ እናገራለሁ፤ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ።

ባለፈው በገበያ ቀን መካነ ሰላም ዘነቡን ከሩቅ አየኋት፤ ብርቄን በእጇ ይዛለች። ልታየኝ አልቻለችም፤ ሰው ጢም ብሏል። ልጅቷ ግን ከሰው እግር መሐል ጫማዬን አየችው። ማሰሪያው ያው ሮዙ ነው።

«ትብለጥ!» ብላ ጮኸች፣ ባላት አቅም ሁሉ።

ለአፍታ አንገቴ ደረቀ። ያ የድሮው ፍርሃት ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ከዚያ ዞር አልኩና፣ ገበያው መሐል፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ «አቤት!» አልኳት።